ያገለገለች ሎደር ለሙሉጌታ

ጡረታ ከወጣሁ ሁለተኛ ዓመቴን ልይዝ ስል፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ቁጥሩን አላወቅሁትም። ድምፁን ግን ገና «ሃሎ» ሲል ለየሁት።

«እትዬ ወይንሸት፣ ሙሉጌታ ነኝ» አለኝ።

ቆሜ ነበር፤ ተቀመጥኩ። ሙሉጌታ እኔ «ለሥራ ብቁ ናት» ብዬ በፈረምኩላት ማሽን ግራ እግሩን ያጣ ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት አልፏል። በነዚያ ዓመታት አንድም ቀን ደውሎልኝ አያውቅም፤ እኔም ደፍሬ ደውዬለት አላውቅም።

«እንደምን አለህ?» አልኩት።

«ደህና ነኝ። ማሽን ልገዛ ነው፤ ያገለገለች ስኪድ ሎደር። እርስዎ እንዲያዩልኝ ነው የደወልኩት።»

«እኔ?»

«እርስዎ።»

«ሙሉጌታ፣ ስንት ጎበዝ መካኒክ አለ እኮ…»

«አለ። ግን ራሱን የሚያስወቅሰውን ነገር የሚነግረኝ ሌላ ሰው አላውቅም» አለ። ቀጥሎም ሰኞ ጠዋት ዓለም ባንክ ሰፈር፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለ የማሽን መሸጫ ግቢ ቀጠረኝ። እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። እሁድን እንዴት እንዳሳለፍኩት አላስታውስም።

እሺ ያልኩበትን ምክንያት ለመናገር ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ።

አባቴ ከጉራጌ አገር በልጅነቱ መጥቶ ኮልፌ አጣና ተራ ምስማርና ቆርቆሮ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። ከአራት ልጆቹ ሱቅ መቀመጥ የማይሆንላት እኔ ነበርኩ። ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብቼ በመካኒክነት ተመረቅሁና የመንገድ ሥራ ማሽኖች የሚጠገኑበት የመንግሥት ጋራዥ ተመደብኩ። የጋራዡ ኃላፊ በመጀመሪያው ቀን ከእግሬ እስከ ራሴ አይቶኝ፣ «ዕቃ ግምጃ ቤት ይሻላታል» ብሎ ወረቀቴ ላይ ጻፈ። ሁለት ዓመት ሙሉ ብሎን፣ ጎሚኒና ማጣሪያ ሳስረክብ ኖርኩ።

ከዚያ ያወጡኝ ጋሽ ሽብሩ ናቸው። የሃይድሮሊክ ክፍሉ ዋና መካኒክ ነበሩ፤ ቀጭን፣ ጎበጥ ያሉ፣ ሲናገሩ ጠጋ ካላሉ የማይሰሙ ሰው። አንድ ቀን የሲሊንደር ጎሚኒ፣ ዘይት እንዳያፈስ የሚይዘውን የጎማ ቀለበት፣ ሊወስዱ መጥተው ቁጥሩን ነገሩኝ። እኔ ሌላ ሰጠኋቸው።

«ይኼን አይደለም ያልኩሽ» አሉኝ።

«ያሉኝ የአዲሱ ማሽን ነው። እርስዎ ፈትተው ያስቀመጡት የአሮጌውን ነው፤ በመስኮት አይቼዋለሁ። ያንን ቢገጥሙት ነገ ያፈሳል።»

ጎሚኒውን በጣታቸው አሽከርክረው አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። በሳምንቱ ቱታ ለብሼ እሳቸው ሥር ነበርኩ።

ጋሽ ሽብሩ ከጥገናው በተጨማሪ መሥሪያ ቤቱ ያገለገለ ማሽን ሲገዛ አይቶ የመምረጥ ሥራ ነበራቸው። እኔንም ይዘውኝ ይሄዱ ጀመር። ከቀጠሮው አንድ ሰዓት ቀድመው ይደርሳሉ። ባለቤቱን ሰላም ከማለታቸው በፊት ኮፈኑን ከፍተው የእጃቸውን ጀርባ ሞተሩ ላይ ያሳርፋሉ። ሞቆ ካገኙት፣ «ለምን አስነሳችሁት?» ይላሉ። ጠዋት በብርድ አልነሳ የሚል ሞተር ያለው ሰው፣ ገዢ ሳይመጣ አሙቆ ነው የሚጠብቀው። እሳቸው አይከራከሩም፤ አንድ ጥግ ተቀምጠው እስኪበርድ ይጠብቃሉ። ሦስት ሰዓት የጠበቅንበት ቀን አለ።

ኪሳቸው ውስጥ ነጭ ጨርቅ አይጠፋም። መጋጠሚያ ላይ ግራሶ በብዛት ተለቅልቆ ካዩ ጠርገው ከሥሩ ያለውን ያያሉ። አካፋውን የሚያነሳው የማሽኑ ክንድ አዲስ ቀለም ከተቀባ በጥፍራቸው ፍቀው የብየዳ ጠባሳ ይፈልጋሉ። ማሽኑ ስንት ሰዓት እንደሠራ የሚመዘግበውን ቆጣሪ አያምኑም፤ የፔዳሉን ጎማ ነው የሚያዩት። ቆጣሪው ትንሽ ሠርቷል እያለ የፔዳሉ ጎማ አልቆ ብረቱ ካበራ፣ ቆጣሪው ተነካክቷል ማለት ነው። ክንዱን አስነስተው ሞተሩን ያስጠፉና ክንዱን በዘይት ግፊት የሚያነሳው ሲሊንደር ላይ በጠመኔ መስመር ያሰምራሉ። ከዚያ ሳጥን ገልብጠው ይቀመጣሉ። ሻጩ ያወራል፣ ይምላል፣ ለስላሳ ያስመጣል፤ እሳቸው ጠመኔውን ያያሉ። ሲሊንደሩ ውስጡ ካለቀ ክንዱ በራሱ ይወርዳል፤ ለዓይን በማይታይ ፍጥነት፣ እንደ ሰዓት ዘንግ።

ሪፖርት ሲጽፉ በመጨረሻው ገጽ ግርጌ «ያላየሁት» የሚል ርዕስ ነበራቸው። «የፓምፑን ውስጥ አላየሁም። የኋላ ቀኝ ሰንሰለቱን አላየሁም፤ ክዳኑ አልከፈት ብሏል።» እንዲህ አድርገው ይዘረዝራሉ። ኃላፊዎቹ በዚህ ይናደዱ ነበር። አንዴ ዋና ሥራ አስኪያጁ ጠርቶ፣ «አላየሁም ብሎ የሚጽፍ ባለሙያ የት አገር ነው ያለው?» ሲላቸው አጠገባቸው ቆሜ ነበር።

«ያየሁትን ብቻ ከጻፍኩ፣ ገዢው ሁሉንም ያየሁ ይመስለዋል» አሉት። ርዕሱም እስከ ጡረታቸው ድረስ ከሪፖርታቸው አልጠፋም።

እሳቸው ከወጡ በኋላ እኔም ብዙ አልቆየሁም። ያገለገሉ ማሽኖች ከውጭ አስመጥቶ የሚሸጥ አንድ የግል ድርጅት የተሻለ ደሞዝ ሰጥቶ ወሰደኝ። ሥራ አስኪያጁ ጌታሁን ይባላል፤ በዕድሜ ከእኔ ያነሰ፣ ቀልጣፋ፣ ሠራተኛውን ሁሉ በቁልምጫ የሚጠራ ሰው። የእኔ ሥራ ማሽኑ ለገዢ ከመሰጠቱ በፊት ፈትሼ «ለሥራ ብቁ ነው» የሚለውን የታተመ ቅጽ መፈረም ነበር። ቅጹ ላይ «ያላየሁት» የሚል ቦታ የለም። መጀመሪያ ጀርባው ላይ እጽፍ ነበር። ጌታሁን አይቶ፣ «እትዬ ወይኒ፣ ገዢ ታስደነግጪብኛለሽ» አለኝ እየሳቀ። ትንሽ ጊዜ ታገልኩ። ከዚያ ማሳጠር ጀመርኩ። ከዚያ ተውኩት።

ስኪድ ሎደርን ለማያውቅ ሰው ስለ አንድ ነገር መናገር ይኖርብኛል። ከትንሽ መኪና የማትበልጥ፣ ጠባብ ቦታ ገብታ ባለችበት የምትሽከረከር፣ ከፊቷ አካፋ ያላት ማሽን ናት። በረት ለመጥረግ፣ መንገድ ለማስተካከል፣ ግንድ ለመጎተት ለገጠር ይዞታ የምትሆን እሷ ናት። ኦፕሬተሩ የሚገባውም የሚወጣውም ከፊት ነው፤ አካፋውን ተሻግሮ፣ በሁለቱ ክንዶች መሃል። ክንዱ ተነስቶ ሳለ የሚወጣ ሰው ከክንዱ ሥር ነው የሚያልፈው። ለዚህ ሲባል ጭን ላይ የሚወርድ መከላከያ ብረት ተሠርቶላታል። ብረቱ ወደ ላይ ከተነሳ ወይም ሰውየው ከመቀመጫው ከተነሳ፣ ክንዱ ባለበት ይቆለፋል። ይህንን የምታዘው መቀመጫው ሥር ያለች አውራ ጣት የምታህል ማብሪያ ናት። ማብሪያዋ ስትበላሽ አዲስ ከመግዛት ይልቅ ሁለቱን ጫፍ በሽቦ የሚያገናኝ ሰው አለ። ያን ጊዜ ማሽኗ ሁልጊዜ ሰው የተቀመጠባት ይመስላታል፤ ክንዱም መቼም አይቆለፍም።

ሆለታ አካባቢ የወተት ላሞች የሚያረባ ነጋዴ አንዷን ገዛ። ልትጫን በነበረበት ጠዋት መቀመጫዋን ሳነሳ ቀይ ሽቦ አየሁ፤ በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልሏል። ጌታሁንን ጠርቼ አሳየሁት።

«ይኼ ነው እንዴ? አዲስ ማብሪያ በሁለት ሳምንት ይመጣል። ይገጠምላቸዋል» አለ።

«እስከዚያ ትቆይ።»

«እትዬ ወይኒ፣ የጭነት መኪናው በር ላይ ቆሟል። የሰውየው ላሞች እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ ናቸው። በቃል እነግረዋለሁ፤ ሙች።»

«በጽሑፍ ይሁን።»

«በጽሑፍ ካየው ትቶ ይሄዳል።»

ማሽኗን ሊረከብ የመጣው ኦፕሬተር ሙሉጌታ ነበር። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ቱታው የታጠበ፣ ትሑት ሰው። እያሽከረከረ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይስት የጭነት መኪናው ላይ አወጣት። ሲወርድ ወደ እኔ መጥቶ፣ «እትዬ፣ ሁሉ ነገሯ ደህና ነው?» አለኝ።

«ደህና ናት» አልኩት።

እጄን የጠመዘዘኝ የለም። ፈረምኩ። ጌታሁን ለገዢው ይንገረው አይንገረው መልሼ አልጠየቅሁም፤ ማብሪያዋ መጥታ እንደሆነም አልተከታተልኩም። የሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ማሽን መጣ፤ ሌላ ፈረምኩ።

በሦስተኛው ወር ሙሉጌታ የበረቱን መንገድ እየጠረገ ሳለ አካፋው ላይ ድንጋይ ተሰነቀረ። ክንዱ እንደተነሳ መከላከያውን ከፍቶ ግራ እግሩን ወደ ውጭ አወጣ። የቀኝ እግሩ ተረከዝ ክንዱን የሚያዘውን ፔዳል ነካው። መቆለፍ የነበረበት ክንድ ወረደ።

ዘነበወርቅ ያለው ሆስፒታል መተኛቱን ሰምቼ ሄድኩ። እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆርጧል። ሚስቱ ትዕግሥት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ብርቱካን አስቀመጥኩ፤ እግዜር ይማርህ አልኩ። እሱን ያስጨነቀው ግን ሌላ ነገር ነበር።

«እትዬ፣ ባለቤቱ ሽቦውን ያሰርከው አንተ ነህ እያለኝ ነው። እኔ መቀመጫውን ከፍቼ አላውቅም። እናንተ ስትሰጡን ነበር እንዴ?»

መዋሸቴን አሁንም የምናገረው በግድ ነው። አፌ ከእኔ ቀድሞ፣ «እኔ አላየሁም» አለ።

ትዕግሥት ቀና ብላ አየችኝ። ሙሉጌታ ግን ራሱን ነቀነቀ፤ አመነኝ። ከዚያ ወጥቼ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ቤቴ አየር ጤና ነው፤ ፌርማታዬን አልፌ ዓለም ባንክ መድረሴን ያወቅሁት ረዳቱ «እናቴ፣ መጨረሻ ነው» ሲለኝ ነው።

ጌታሁን በማግስቱ ቢሮው ጠራኝ። በሩን ራሱ ዘጋ። «መርማሪ ይመጣል። ወረቀቱ አለ፣ ፊርማሽ አለበት። ስትወጣ ደህና ነበረች ትያለሽ፤ በቃ። ሌላ ነገር ካልሽ መጀመሪያ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ። ልጆችሽን አስቢ።» አልሳቀም። እትዬም አላለኝም።

ሁለት ሳምንት አለፈ። በመጨረሻ ጋሽ ሽብሩ ጋ ሄድኩ። ኮልፌ ቤታቸው ታመው ተኝተዋል፤ እጃቸው ከብርድ ልብሱ በላይ ነበር፤ ጥፍራቸው ሥር ያለው ጥቁር ዘይት ከስንት ዓመት በኋላም አልለቀቀም። ነገሩን ዙሪያ ጥምጥም አወራኋቸው፤ ስለ ጌታሁን፣ ስለ ቅጹ፣ ስለ ባለቤቱ። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«መቀመጫውን አንስተሻል?» አሉ።

«አንስቻለሁ።»

«ምን አየሽ?»

«ጌታሁን እኮ…»

«ወይንሸት፣ ምን አየሽ ነው ያልኩሽ።»

«ሽቦ።»

«ለልጁ ነግረሽዋል?»

«አላየሁም አልኩት።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። የተኙ መስሎኝ ልነሳ ስል፣ ሳይዞሩ፣ «ነገ በጠዋት ሂጂ» አሉኝ።

ጠዋት ሄጄ ለመርማሪው ራሴ ቃል መስጠት እንደምፈልግ ነገርኩት። ሁላችንንም በአንድ ቀን ጠራን። ጌታሁንና የላሞቹ ባለቤት በአንድ ወገን፣ ሙሉጌታ በክራንች፣ ትዕግሥት ከጎኑ። መርማሪው ቅጹን አሳየኝ፤ ፊርማዬ መሆኑን ጠየቀኝ።

«የእኔ ነው። ሽቦውን አይቻለሁ። ማሽኗ ከግቢያችን ከመውጣቷ በፊት አይቼ ነው የፈረምኩት። ሙሉጌታ አላሰረውም።»

ጌታሁን የያዘውን እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እፎይ የሚባል ነገር ጠብቄ ነበር መሰለኝ። ሙሉጌታ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

«ሆስፒታል መጥተው አላየሁም ብለውኝ ነበር።»

«አዎ» አልኩት።

ፊቱን አዞረ። ከዚያ በኋላ እስከዚያች ቅዳሜ ድረስ አላናገረኝም።

ካሳ ተፈረደለት። እኔ ከሥራ ተባረርኩ፤ ፍርድ ቤትም ቀርቤ ተቀጣሁ፤ ይገባኛል። ጋሽ ሽብሩ በዚያው ክረምት አረፉ። ቃሌን መስጠቴን ሄጄ ነግሬያቸው ነበር፤ ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ። ከዚያ በኋላ ለሻጭ ሠርቼ አላውቅም። ገዢ ሲጠራኝ በሚኒባስ እየሄድኩ ማሽን አይ ነበር፤ ጉልበቴ ማሽን ላይ መውጣት እስኪያቅተው ድረስ። ጡረታ ወጣሁ የምለው ያንን ነው።

ሰኞ ከቀጠሮው አንድ ሰዓት ቀድሜ ደረስኩ። ሙሉጌታ ከእኔም ቀድሞ በሩ ላይ ቆሟል። ፀጉሩ ሸብቷል፤ ሱሪው ሥር ሰው ሠራሽ እግር አለ፤ ምርኩዝ ይዟል። በሁለት እጁ ጨበጠኝ፤ ፊቱ ላይ ግን ምንም አላነበብኩም።

ነገሩን በአጭሩ ነገረኝ። ከቱሉ ቦሎ ወዲያ የአባቱ መሬት አለው። እሱና ትዕግሥት እዚያ ገብተው ላሞች ያረባሉ። ከበረቱ እስከ ዋናው መንገድ ያለው ቁልቁለት በክረምት ጎርፍ ይበላዋል፤ የወተት መኪና አይገባም። «ሁለት ክረምት ወተት ስንደፋ ከረምን» አለኝ። «ሦስተኛውን አልችልም።»

«ማን ይነዳታል?»

«ወንድሜ አበራ» አለ፤ ፈጠን ብሎ።

ግቢው ውስጥ ሁለት ስኪድ ሎደሮች ነበሩ። ሻጩ ደረጀ የሚባል ባለ ጥቁር መነጽር ሰው ነው። የመጀመሪያዋ ንጹሕ፣ ብዙም ያልሠራች ናት። ሞተሯ ቀዝቃዛ፤ በአንዴ ተነሳች። መጋጠሚያዋን ጠረግሁ፣ ክንዷን ፋቅሁ፣ ጠመኔ አሰመርኩ፣ መቀመጫዋን አነሳሁ። መከላከያዋን ደጋግሜ ሞከርኩት፤ ይቆልፋል። ለዓመታት እንዲህ ያለች አላየሁም።

«ይቺን ውሰዳት» አልኩት።

አንገቱን አስግጎ ውስጧን አየ። «ክንዷ በእግር ነው የሚታዘዘው።»

«አዎ። በግራ ፔዳል…» ብዬ ቆምኩ።

«አልፈልጋትም» አለ።

ምርኩዙን አየሁ። «አበራ አይደለም የሚነዳት።»

«አበራ ጅማ ነው የሚኖረው።»

«አንተ ነህ።»

«እኔ ነኝ። በስልክ ብነግርዎት ይመጡ ነበር?»

«አልመጣም ነበር።»

«ለዚህ ነው ያልነገርኩዎት።»

ቦርሳዬን አንስቼ ወደ በሩ መራመድ ጀመርኩ። እውነቱን ለመናገር ሸሸሁ። እሱ አልተከተለኝም፤ ባለበት ቆሞ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«እትዬ ወይንሸት! ኦፕሬተር በኪራይ ሞክሬአለሁ፤ በፈለግሁት ቀን አይመጣም። ይኼ ሥራዬ ነበር። የተውኩት ፈርቼ አይደለም፤ አንድ እግር ያለውን የሚቀጥር ስለጠፋ ነው። አሁን በራሴ መሬት ነው፤ ማንንም አልጠይቅም። እርስዎ ዛሬ ቢሄዱም እገዛለሁ። እርስዎ ማሽኗን ይዩ፤ እኔን አይዩኝ።»

በሩ ጋ ቆሜ ቀረሁ። ብሄድ ደረጀ የሚለውን አምኖ ይገዛል። ተመለስኩ።

ሁለተኛዋ አሮጌ ናት፤ ቀለሟ የነጣ፣ ጎማዋ የሳሳ። ግን ሁሉም ነገሯ በእጅ ማንሻ ነው የሚታዘዘው። የእጄን ጀርባ ሞተሯ ላይ አሳረፍኩ። ሞቃለች።

«መቼ አስነሳችኋት?»

«አሁን ቦታ ልናስለቅቃት ነው» አለ ደረጀ።

ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ሙሉጌታም ተቀመጠ። ደረጀ በስልኩ እያወራ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። «እናቴ፣ ቀኑን ሙሉ እዚህ ልንውል ነው?»

«አዎ።»

ስትበርድ አስነሳናት። ሁለቴ አንኳኩታ፣ ነጭ ጭስ ተፍታ ተነሳች። ያረጀች እንጂ የሞተች አይደለችም። የቀኙ ክንድ መጋጠሚያ ትንሽ ላልቷል። ክንዷ ካሰመርኩበት ጠመኔ አልወረደም። ከዚያ መቀመጫዋን አነሳሁ።

ጥቁር ናስትሮ። አዲስ።

«እሱ ከፋብሪካ የመጣ ነው» አለ ደረጀ ከኋላዬ።

በካቻቪቴ ጫፍ ገለጥኩት። ሽቦ። ሙሉጌታ በትከሻዬ ላይ አንገቱን አስግጎ እያየ ነው፤ ትንፋሹ ጆሮዬ ሥር ይሰማኛል። ካቻቪቴውን አጥብቄ ያዝኩ።

«ኦፕሬተሮቹ ናቸው የሚያደርጉት…» ጀመረ ደረጀ።

«አዲስ ማብሪያ አምጣና እዚሁ እያየሁ ይገጠም።»

«አልችልም። ካልፈለጋችሁ ተዉት፤ ነገ ሌላ ገዢ ይመጣል።»

«እሱንም እነግረዋለሁ። ከነገ ጀምሮ በርህ ላይ ቆሜ ለሚገባው ሁሉ እነግራለሁ። ጡረተኛ ነኝ፤ ሥራ የለኝም።»

መነጽሩን አውልቆ አየኝ። የምቀልድ አልመሰለውም። ሰው ላከ።

ማብሪያዋ ስትመጣ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር። የግቢው መካኒክ እያየሁ ሽቦውን ቆርጦ አወጣና አዲሷን ገጠመ። ጉልበቴ እያቃሰተ ወጥቼ ተቀመጥኩ። ክንዱን አንስቼ መከላከያውን ከፈትኩ፤ ማንሻውን ገፋሁ። ተቆለፈ። ከመቀመጫው ብድግ ብዬ ገፋሁ። ተቆለፈ። አሥር ጊዜ ያህል ደጋገምኩት።

«አሁን እኔ» አለ ሙሉጌታ።

ምርኩዙን ለእኔ ሰጠኝና አካፋውን ተሻግሮ መውጣት ጀመረ። ልደግፈው ስጠጋ እጁን አንስቶ ከለከለኝ። ሰው ሠራሹ እግር መርገጫው ላይ አንዴ አዳለጠው፤ ብረቱን በክንዱ አንቆ ራሱን ወደ ውስጥ ሳበ። ተቀመጠ። መከላከያውን ጭኑ ላይ አወረደ። ሞተሩን አስነስቶ ክንዱን እስከ ላይ ድረስ አነሳው። ከዚያ ከራሱ በላይ ያለውን ብረት ቀና ብሎ አየ። ላብ ከግንባሩ ወረደ። መከላከያውን በገዛ እጁ ከፈተና ክንዱን የሚያወርደውን ማንሻ በሙሉ ኃይሉ ገፋ።

እኔ ዓይኔን መጨፈን ፈለግሁ፤ አልጨፈንኩም።

ክንዱ ከቦታው አልተነቃነቀም። እሱ ግን ማንሻውን አልለቀቀም፤ እየገፋ ብዙ ቆየ፤ ጉንጩ ይርገበገባል። ለቀቀውና መከላከያውን መልሶ፣ ክንዱን ቀስ አድርጎ መሬት አሳረፈ። ሞተሩን አጠፋ። ከውስጥ ሳይወጣ፣ «ጻፉልኝ» አለኝ።

ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ ጻፍኩ። የላላውን መጋጠሚያ፣ የሳሳውን ጎማ፣ የተገኘውን ሽቦና የተገጠመችውን ማብሪያ። ከሥሩ ያላየሁትን ዘረዘርኩ፤ የግራ ጎማዎቿን የሚያዞረውን ሰንሰለት፣ የፓምፑን ውስጥ። ሙሉጌታ እያንዳንዱን መስመር ድምፁን አሰምቶ አነበበ፤ ያልገባውን ጠየቀኝ። «ይኼ ሰንሰለት ቢበጠስ ምን ይሆናል?» አለ። «በአንድ ጎን ትቆማለች። ቁልቁለት ላይ ከሆንክ አካፋውን መሬት አስነክሰህ ታቆማታለህ» አልኩት። ራሱን ነቀነቀና ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተ።

ማሽኗ ተጭና ስትወጣ አብረን በሩ ላይ ቆመን አየናት። ይቅር ብዬዎታለሁ አላለኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። «ትዕግሥት ሰላም ብላዎታለች» ብሎኝ የጭነት መኪናው ጋቢና ውስጥ ገባ።

ሐምሌ ገባ። ዝናብ በጀመረ ቁጥር ስልኬን አያለሁ። አንድ ከሰዓት በኋላ የሙሉጌታ ስም ስክሪኑ ላይ መጣ፤ ውጭ ዶፍ ይወርዳል። ለማንሳት ጣቴ እምቢ አለኝ። ሦስተኛው ጥሪ ላይ አነሳሁት።

«እትዬ፣ መንገዱን ከፍተነዋል፤ የዛሬው ወተት ወጥቷል» አለ እየጮኸ፤ ዝናቡ በእሱም በኩል ይሰማል። «አሁን ግን ማንሻውን ስነካው ክንዱ ዘግይቶ ነው የሚታዘዘኝ። ድምፅም አለው። ምን ይመስልዎታል?»

«ሙሉጌታ፣ ቆይ። የት ነህ አሁን? ክንዱ የት ነው ያለው?»

«መሬት ላይ ነው፣ እትዬ» አለ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሞተሩንም አጥፍቼ፣ ወርጄ ነው የደወልኩት።»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩት።

«እሺ» አልኩት፤ «አሁን ድምፁ ምን እንደሚመስል ንገረኝ።»